አምስት እጅ የነካው ካርቡሬተር

ሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ ጅማ እንደ ልማዷ ከሰዓት በኋላ ዝናቧን ስታወርድ፣ አንድ አሮጌ ያማሃ ኤክስቲ 600 በባጃጅ ተጎትቶ ከጋራዤ ደጃፍ ደረሰ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ከየቡ ከተማ ወዲያ የቡና መሬት አላቸው። ሞተር ብስክሌቱን የገዙት ከዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤት ጨረታ ነው። ከባጃጁ ወርደው የጃንጥላቸውን ውኃ እያራገፉ፣ “ልጄ፣ ይህን ነገር ወይ አድነው ወይ ቅበረው” አሉኝ።

ክሳቸው ረጅም ነበር። ጠዋት አይነሳም፤ ከተነሳ ይንተፋተፋል፤ የቤንዚን መስጫ እጀታውን ሲለቁት በጭስ ማውጫው ይተኩሳል፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ልሂድ ሲሉት ያለቅሳል። ቤንዚን ግን እንደ ጭነት መኪና ይጠጣል። እሳቸው የሚመዘግቡ ሰው ስለሆኑ ቁጥሩን ከኪሳቸው አወጡት፤ በአንድ ሊትር 11 ኪሎ ሜትር።

ካርቡሬተር አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ሞተሩን የሚመግብ ዕቃ ነው፤ ስለዚህኛው ሞተር ብስክሌት ካርቡሬተር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ጥፋቱ ሁሉ የመጣው ይህን ካለማወቅ ነውና። ያማሃ ይህን ዝርያ መሥራት የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ነው። ሞተሩ 595 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደርና አራት ቫልቭ ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ሁለት መግቢያ ቫልቭ ስላለው ሁለት የአየር መግቢያ አለው፤ ለእያንዳንዱም አንድ ካርቡሬተር። ሁለቱ ግን መንታ አይደሉም። ታላቅና ታናሽ ቢባሉ ይቀላል። በግራ ያለው ታላቁ ነው፤ የአየሩን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ስላይድ በእጀታው ሽቦ በቀጥታ ይነሳል፤ እጀታው ሳይነካ ሞተሩ የሚዞርበት ሚኒሞውም የጠዋት ማስነሻውም በእሱ በኩል ነው። የቀኙ ታናሽ እጀታው በጥቂቱ ሲጠመዘዝ ተኝቶ ይቆያል። ታላቁ በከፊል ከተነሳ በኋላ ማያያዣ ዘንጉ የታናሹን በር ይከፍታል፤ ከዚያ ወዲያ ስላይዱን የሚያነሳው ሽቦ ሳይሆን የሞተሩ መምጠጥ ነው። መምጠጡ አንዲት ስስ የላስቲክ ዲያፍራም ወደ ላይ ይስባል፤ ስላይዱም አብሯት ይነሳል። ብልሃቱ ይህ ነው፦ በዝግታ ሲኬድ አየሩ በአንድ ጠባብ መንገድ ብቻ ስለሚያልፍ ይፈጥናል፤ የፈጠነ አየር ደግሞ ቤንዚኑን አድቅቆ ይወስዳል። ጉልበት ሲፈለግ ሁለቱም ይተነፍሳሉ። ሥራው የጃፓኑ ቴይኬይ ኩባንያ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ ይህን ሐሳብ ከብዙ ዘመናዊ ነገር አስበልጣለሁ።

በመካኒክ ዓለም ካርቡሬተር የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን ሲገባው ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አልነካሁትም። የዘይት መለኪያውን መዝዤ አሸተትኩት፤ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። በጣቴ መካከል ሳሸው እንደ ውኃ ቀጥኗል። ይህ ከሁሉም በላይ አስደነገጠኝ፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም፤ በዚህ ሁኔታ እስካሁን ሲነዱት መቆየታቸው ራሱ ተአምር ነው። ምንጩን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። ከካርቡሬተሩ ሥር ትርፍ ቤንዚን ወደ መሬት የሚያወጣው ቱቦ ጫፉ ላይ ብሎን ተሰክቶበታል። አንድ ሰው ቤንዚን ሲንጠባጠብ አይቶ ለምን እንደሚንጠባጠብ ከመጠየቅ ይልቅ መውጫውን ደፈነው። መውጫ ያጣው ቤንዚን ደግሞ በመግቢያው በኩል ወደ ሲሊንደሩ፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ወረደ።

ዘይቱን ቀየርኩ፤ ብሎኑን ነቀልኩ። ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ እንደ ምጣድ ሥር ጥቁር ነበር፤ ጠርጌ ስሞክረው እሳቱ ሰማያዊና ጠንካራ ነው። ከጭስ ማውጫ ቫልቮቹ አንዱ ክፍተቱ ጠቦ ስለነበር አስተካከልኩት። ሞተሩ ሲረገጥ የሚሰጠው ግፊት ጤነኛ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ አመጋገቡ ላይ ነው።

ከብዙ መርገጥ በኋላ አስነሳሁትና በብሩሽ ወፍራም ዘይት እየነከርኩ ካርቡሬተሮቹን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙትን የላስቲክ አንገቶች ቀባሁ። አየር የሚስብ ስንጥቅ ካለ ዘይቱ ለአፍታ ይደፍነዋል፤ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል። በቀኙ ምንም የለም። በግራው ብሩሹ እንዳረፈ ሚኒሞው ወረደና ተረጋጋ። ዘይቱ ተመጥጦ ሲያልቅ እንደገና መንተፋተፍ ጀመረ።

ጭቃውን ጠርጌ ወደ ውስጥ ሳይ ላስቲኩ በካላማዳሪያ ቁራጭ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። የሽቦው ጫፍ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ እጅ እንዳይወጋ። እንዲህ አድርጎ የሚያስር ሰው አውቃለሁ። አባቴ አጥር ሲያስር እንዲህ ነበር የሚያጥፈው፤ እኔም የተማርኩት ከእሱ ነው።

“ጋሼ፣ ይህን ያሠሩት መቼ ነው?”

“አንተው ነህ እንጂ! ያኔ ተቀጥረህ ስትሠራ። ‘ለዛሬ ያድርስዎት፣ ነገ ይምጡ’ አልከኝ። አደረሰኝ። ስላደረሰኝ አልመጣሁም።”

ማስታወሻቸውን ገለጡ፤ 2006 ዓ.ም. ይላል። ለአንድ ቀን ያልኩት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ከዚህ በኋላ ሥራው መጠገን ብቻ መሆኑ ቀርቶ ምርመራ ሆነ። ደብተሩን ከፊታችን ዘርግተን፣ ቡና እየጠጣን፣ ማን ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ በዓመት በዓመቱ አወጣን። ካላማዳሪያ ቤንዚን ሲነካው ያብጣልና ይለሰልሳል፤ የእኔ ማሰሪያ ከጥቂት ወራት በላይ አየር አልከለከለም። በስንጥቁ የሚገባው አየር በካርቡሬተሩ በኩል ስላላለፈ ቤንዚን አልተመደበለትም። ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፤ እጀታው ሲለቀቅ ይተኩሳል። በ2008 ዓ.ም. ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰዱት። እዚያ ያለው መካኒክ ጆሮው አላታለለውም፤ “ቤንዚን አንሶታል” አለ፤ እውነት ነው። ነገር ግን የታላቁን ዋና ጂግለር አውጥቶ በስስ ብረት አሰፋው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ጂግለር ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ ናት፤ ዋናዋ የምትገዛው እጀታው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ብቻ ነው። የአየር ስንጥቅ ደግሞ የሚጎዳው ሚኒሞውንና ትንሹን መክፈቻ ነው። ከታች ያለው በሽታ እንዳለ ቀረ፤ ከላይ አዲስ በሽታ ተጨመረ።

ሞተሩ ሲሮጥ ጥቁር ጭስ ጀመረ፤ ቤንዚን መጠጣቱም ባሰ። በ2010 ዓ.ም. ሦስተኛው መካኒክ ሁለት ካርቡሬተር አየና ፍርዱን ሰጠ። “አንዱ ትርፍ ነው፤ የሚጠጣው እሱ ነው” አለ። የታናሹን በር በሽቦ አስሮ ዘጋው፤ የማያያዣውን ሞላ አውጥቶ ጣለው። እውነትም ቤንዚኑ ለጊዜው ቀነሰ፤ ግማሽ አፍንጫው የተዘጋ ሰው ያን ያህል መሮጥ አይችልምና። በ2012 ዓ.ም. አራተኛው “ጉልበት የለውም” ለሚለው አዲስ ክስ መልስ ፈለገ። ከስላይዱ ጋር ከፍ ዝቅ እያለች ቤንዚኑን በምትመጥነው በታላቁ መርፌ ሥር ሁለት ሮንዴላ ጨምሮ ከፍ አደረጋት፣ መካከለኛው መክፈቻ ላይ ብዙ ቤንዚን እንዲገባ። በካርቡሬተሩ የቤንዚን ሳህን ውስጥ ተንሳፍፋ ከፍታውን የምትወስነውን የተንሳፋፊዋንም ምላስ አጎበጣት፤ በሳህኑ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከፍ አለና መንጠባጠብ ጀመረ። ብሎኑን የሰካው ራሱ ይሁን ሌላ ሰው ደብተሩ አይልም።

አምስተኛው እጅ ላይ ስንደርስ ሰውየው ቀዝቀዝ አሉ። የአየር ፊልትሮ ቤቱን ከፍቼ ጥቅጥቅ ያለ ቢጫ ስፖንጅ ይዤ፣ “ይህስ የማን ነው?” ስል፣ “የባለቤቴ ፍራሽ ነው” አሉኝ። የፊልትሮው ስፖንጅ አርጅቶ ሲፈረፈር ራሳቸው ከአሮጌ ፍራሽ ቆርጠው ተኩት። የፍራሽ ስፖንጅ አየር የሚያሳልፈው በልመና ነው።

ሁሉም ለፊቱ ላለው በሽታ መድኃኒት ሰጠ፤ በሽታውን የፈጠረው ግን ከእሱ በፊት የመጣው መድኃኒት ነበር። ከሥር ያለው የእኔ ሽቦ ነው።

የጂግለሯ መስፋት ሌላም ነገር አለበት፤ ጅማ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማየው ስለሆነ ልቆይበት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ካርቡሬተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የሚለካው በፍሰቱ ነው፤ ስለዚህ ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ ብሎ የሰጠው ጂግለር እዚህ ሲደርስ ወደ አሥር በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ቤንዚን ይሰጣል። ጋምቤላ ወርዶ ለሚሠራ ሞተር ልኩ ሆኖ የሚገኝ ቀዳዳ እዚህ ሲበዛ፣ ዴዶ ሲወጣ ጭራሽ ይበዛል። በጅማ ጂግለር ማስተካከል ካስፈለገ ወደ ማጥበብ ነው የሚኬደው። በስስ ብረት ማስፋት ሽቅብ መሄድ የፈለገን ሰው ቁልቁል መንዳት ነው።

ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ያለውን እንዳለ ተቀብሎ በዙሪያው ማስተካከል ነው፤ ባለፉት አሥር ዓመታት የተደረገው ይኸው ስለሆነ ተውኩት። ሁለተኛው ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ልክ መልሶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ለጅማ ማስማማት ነው። ይህን መረጥኩ ብዬ ልኮራ አልችልም፤ ዕቃ እስኪመጣ መጠበቁ ስለሰለቸኝ መጀመሪያ በጓሮ በር ልገባ ሞክሬያለሁ። የሰፋችውን ጂግለር በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኜ በትንሿ መሰርሰሪያ እንደገና በሳኋት። ለመለካት አንድ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሐኪም ቤት ሲሪንጅ ጫፉን ቆርጬ ጂግለሯን ሰካሁበትና ቤንዚን ሞልቼ በሰዓት ያዝኩ። ሳትደፈን በ13 ሰከንድ ታፈስ ነበር፤ ከደፈንኳት በኋላ በ17። ደስ አለኝ። በኋላ ትክክለኛዋ ስትመጣ 19 ሰከንድ ወሰደች። አንድ ቀን ሙሉ ለፍቼ ያገኘሁት ከፊል እርማት ነው። በማስታወሻዬ ላይ “ሞኝ” ብዬ ጽፌ ዘጋሁት።

ዕቃው ከሁለት ቦታ መጣ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመላለስ ወዳጄ የዚሁ ዝርያ የሆነ የሞተ ካርቡሬተር አገኘልኝና በአውቶቡስ ላከው፤ ከእሱ መርፌዋን ከነመቆለፊያዋ፣ የማያያዣውን ሞላና የተንሳፋፊውን ክፍል ወሰድኩ። ጂግለሮቹን፣ ሁለቱን የላስቲክ አንገቶች፣ የፊልትሮውን ስፖንጅና የታናሹን ዲያፍራም ደግሞ የባለቤቱ ልጅ ከምትኖርበት ከጀርመን ገዝታ ሰው ስታገኝ ላከችልን። ከዋናው ጂግለር አንድ ደረጃ የምታንስም እንድትጨምር አስጽፌ ነበር። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በየሁለት ቀኑ እየመጡ “ቀብሩ ተራዘመ እንዴ?” ይሉኝ ነበር።

የቀድሞው ዲያፍራም ጤነኛ ይመስል ነበር፤ በሽቦ ታስሮ ስለኖረ ማንም አልነካውም። ስላይዱን በጣቴ ወደ ላይ አንስቼ፣ ከዲያፍራሙ በላይ ያለውን የአየር ቀዳዳ ደፍኜ ለቀቅኩት። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ አየሩ ይዞት ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር፤ የእኛ ግን እንደ ድንጋይ ወደቀ። ወደ ፀሐይ አቅንቼ ሳየው፣ በመታጠፊያው ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ብርሃን አየሁ። አምስት ዓመት ታስሮ መቀመጡ ላስቲኩን አድርቆታል።

አጠባው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በጂግለርና በቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ሽቦ አይገባም። እኔ የናይለን የክራር ክር እጠቀማለሁ፤ ነሐሱን አይጭርም፤ ከዚያ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ቀሪውን ይነፋዋል። ላስቲክ ያለው ሁሉ ከመታጠቡ በፊት መውጣት አለበት። የሚኒሞዋን ማስተካከያ ብሎን ከመንቀል በፊት ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻ ማስገባትና ስንት ዙር እንደነበረች መቁጠር ልማዴ ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን የቀድሞው ቁጥር የማንም ስላልነበረ ጻፍኩትና ሰረዝኩት።

የቤንዚኑን ከፍታ ለማስተካከል ያገለገለኝ የጉሉኮስ ቱቦ ነው። ከሳህኑ ማፍሰሻ ላይ ተሰክቶ ጎን ለጎን ሽቅብ ሲያዝ፣ በውስጥ ያለው ቤንዚን የቆመበት ልክ በቱቦው ላይ ይታያል። ከፍ ብሎ ነበር፤ የተንሳፋፊዋን ምላስ በጥቂት በጥቂቱ እያጠፍኩ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። እዚህ ላይ ያልታገሠ ሰው ሌላው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከፍታው ከተዛባ ሚኒሞውም መርፌዋም ዋናዋም አብረው ይዛባሉ።

ከገጠምኩት በኋላ በእጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ አንድ አራተኛ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ ብዬ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። ሰው ስለ ካርቡሬተር ሲነግረኝ “በሰዓት 60 ላይ” ይለኛል፤ ካርቡሬተር ግን ፍጥነት አያውቅም። የሚያውቀው እጀታው የት እንዳለ ነው። ከዝግ እስከ አንድ አራተኛ የሚኒሞው መንገድ፣ ከዚያ እስከ ሦስት አራተኛ መርፌዋ፣ ከዚያ በላይ ዋናዋ ትገዛለች። ድንበራቸው እንደ ግንብ አይደለም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል። ሞተሩን አሥር ደቂቃ አሙቄ የሚኒሞዋን ብሎን ድምፁ ከፍ ብሎ እስኪረጋ አዞርኩ። መርፌዋን ያለ ሮንዴላ መካከለኛው ቁርጥ ላይ አኖርኳት። ከባድ የሆነብኝ ታናሹ የሚነቃበትን ቅጽበት ማስያዝ ነው። ሲፈጥን ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ሲዘገይ መሐል ላይ ባዶ ቦታ ይሰማል። ከጋራዡ እስከ አውራ ጎዳናው ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ቆጥራለች፤ አሥራ አራት።

ዋናውን ፈተና ያደረግነው በአጋሮ መንገድ ነው። ሜዳ ላይ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ጥቂት ሄድኩና በዚያው ሞተሩን አጥፍቼ ፍሪሲዮን ይዤ ቆምኩ፤ ካንዴላውን ፈታሁ፤ የቤንዚኑን ልክ የሚናገረው ቀለሙ ነውና። በፋብሪካው ጂግለር አሁንም ወደ ጥቁር ያደላል፤ እንደጠበቅሁት ነው። አንድ ደረጃ የምታንሰውን አስገብቼ ስደግም የተቆላ ቡና ቀለም ያዘ፤ የመካከለኛ ቁሌት እንጂ የከሰል አይደለም። ከዚያ እጀታውን ለባለቤቱ ሰጠኋቸው። ዘጠኝ ዓመት ያልሰሙትን ነገር ሰሙ። ተመልሰው ሲመጡ ኮፍያቸው የለም፤ “መሐል ላይ ከኋላ የገፋኝ ማን ነው?” አሉኝ። ታናሹ ነው አልኳቸው።

በማግሥቱ ወደ ዴዶ ወጡ፤ ሽቅቡን በአራተኛ ማርሽ ጨረሰው። እስከ መስከረም መጨረሻ በደብተራቸው የያዙት አማካይ በአንድ ሊትር 18 ኪሎ ሜትር ነው። ዘይቱን ሁለቴ አሽትቻለሁ፤ ዘይት ብቻ ይሸታል። ሒሳብ ስንተሳሰብ የግራውን አንገት የገጠምኩበትን የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም። እሳቸውም አልተከራከሩኝም።

አንድ ነገር ሳይድን ቀርቷል። በታላቁ ካርቡሬተር ጎን ሌላ ትንሽ ዲያፍራም አለች፤ እጀታው ተዘግቶ ቁልቁል ሲወረድ የሚኒሞውን አየር ቀንሳ ቤንዚኑን በጥቂቱ ታወፍራለች፤ በጭስ ማውጫው እንዳይተኩስ። ደርቃለች፤ ምትኳም እስካሁን አልተገኘችም። ስለዚህ ከዴዶ ሲወርድ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ጊዜ ይተኩሳል። እንድትላክልን ለልጃቸው እንጻፍ ስላቸው አልቸኮሉም። ላሞቹ መንገድ የሚለቁላቸው በዚያ ድምፅ ነው።